ሁለተኛ ዓይን ያላየው ደብዳቤ

ደህና አደርሽ፣ የኔ እህት? ማተሚያው ዛሬም ወረቀት ጎርሶ አልተፋም አሉ... ተይው፣ ሲበርድለት ይተፋዋል። መስኮቱን ትንሽ ገርበብ አድርጊው እስቲ። የኃላፊያችንን በር ግን አትንኪው፤ ክፍቱን ይሁን፣ አየር ይዘዋወር። እኛ እንደሁ ሐሜት አናውቅ!

እንግሊዝኛ ስንል ትዝ አለኝ... አላልንም እንዴ? እንግዲያው አሁን እንበል። «አውትሬጀስ» የሚሉትን ቃል ታውቂዋለሽ? ከልክ አልፎ ሰው የሚያስደነግጥ፣ ደም የሚያፈላ ነገር ሲሆን ነው እንዲያ የሚሉት። እኛ ዓይን ያወጣ ውሸት፣ ዓይን ያወጣ ዘረፋ እንደምንለው በይው። ወጣቶቹ ደግሞ የጓደኛቸውን ጫማ በጨዋታ ያሞግሱበታል አሉ። ይሁንላቸው። ጫማ ሥራ አይለምን!

እኔ የማውቃቸው አንድ ትልቅ ሰው አሉ... ስም ምን ያደርጋል? ይህን ቃል ሙገሳ ነው ብለው ከአንድ የሦስት ቀን ሥልጠና ይዘውት መጡ። ለሪፖርቱም እሱ፣ ለእንግዳውም እሱ፣ ለሻዩም እሱ። እንዴት ያለ ቸርነት ነው! ሌላው ሺህ ቃል ተምሮ አንዷን ለማውጣት ይሰስታል፤ እሳቸው አንዲቷን ይዘው ለሁሉም አዳረሱ።

መቼም የትርጉም ቢሮን ወግ አንቺም ታውቂዋለሽ። ሁለተኛ ሰው አንብቦ ጥጉ ላይ በቀይ እርሳስ ምልክት ካላደረገ ማኅተም አይመታም። ሃያ ዓመት ያቺን ቀይ እርሳስ የያዝኩት እኔ ነኝ። ታዲያ ባለፈው፣ እናቴ ከተኛችበት ቤት ማዶ ያለው ማሳተሚያ ቤት ዋና አራሚ ሲፈልግ አመለከትኩ። በምሳ ሰዓት መንገድ ተሻግሬ አገላብጫት፣ አጉርሻት እመለሳለሁ ብዬ... ሌላ ምን ፈለግኩ?

የድጋፍ ደብዳቤ ለመንኳቸው። እምቢ አላሉም፤ ክፉ አይወጣቸውም። ላንብበው ብላቸው ግን «የእኔ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ዓይን አያስፈልገውም» ብለው ራሳቸው ጻፉ፣ ራሳቸው ፈረሙ፣ ራሳቸው አሸጉ። እውነታቸውን ነው። አንደኛውስ ዓይን መቼ አረፈበት?

ቃለ መጠይቁ ላይ ጠያቂዋ ፖስታውን ቀደደች። አነበበች። መነጽሯን አወለቀች። «ከአለቃዎ ጋር ተጣልተዋል?» አለችኝ። ወረቀቱን አዙራ ብታሳየኝ... በሥራዬ የማሳየው ጥንቃቄ አውትሬጀስ፣ ጠባዬም አውትሬጀስ! ማኅተሙ ደግሞ ፍንትው ብሎ። ባስረዳስ ማን ይሰማኛል? ከቢሯችን የቃል ስህተት አለፈ እያልኩ የአራሚ ሥራ ልለምን?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኔ ግን የተመነጠርኩት በሙገሳ ነው፤ ይኼ ዕድል ለስንቱ ይደርሰዋል? ደግሞ አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል... ስለ መመለጥ እንኳ ያነሳሁት ተረቱ ሆኖብኝ ነው፤ ማንም ራሱን እንዳይዳብስ። ብዕር ሲያመልጥስ? እሱ ፊርማ አስከትሎ ነው የሚያመልጠው።

አንጀቴ አርሯል፣ እህቴ። ለምን ልዋሽሽ? እናቴ ዛሬም ምሳዋን የምትጠብቀው ከጎረቤት ነው። እሳቸው ደግሞ ያገኙኝ ቁጥር «ምነው፣ ያ ሥራ ምን ደረሰ?» ይሉኛል። ሰው አሳቢ ሲሆን እንዲህ ነው!

አሁን እንግዲህ ለላይኛው መሥሪያ ቤት ታጭተዋል መሰለኝ... እኚያ የማውቃቸው ሰው። ለሹመታቸው ከሥራቸው ያለ ሠራተኛ ሁሉ ምስክርነት ይጻፍ ተብሏል፤ በእንግሊዝኛ ነው ደግሞ። እኔ ጽፌ ጨርሻለሁ። ምን አልሽ አትበይኝ። የራሴ ቃል ለእሳቸው አይመጥንም ብዬ፣ ከራሳቸው አንዲት ተዋስኩ። ፖስታው ታሽጓል። ሁለተኛ ዓይን አያስፈልገውም።

በይ፣ ወረቀቱም ወጣልሽ። በሩ ገና ክፍት ነው አይደል? እንግዲህ አሜን በይ... እኚያን ሰው ዕድሜና ጤና ይስጣቸው፤ የደጅ ጥናት አያሳያቸው። በሹመታቸውም፣ በልጆቻቸውም፣ በወዲያኛውም ዓለም በፈጣሪ ፊት ሲቆሙ፣ እሳቸው ለእኔ እንደመሰከሩልኝ አድርጎ የሚመሰክርላቸው አያሳጣቸው!