መታወቂያ ያላቸው ደግ ሰው

ነይ እስቲ የሺ፣ እዚህ ጆንያዬ ላይ አብረሽኝ ቁጭ በይ። መሬቱ ይበርዳል፤ ከጉና የሚወርደው ነፋስ ዛሬ ወገብ ይቆርጣል። መብራቱ እንደሆነ ከሄደ ቆይቷል፣ ወፍጮውም ዝም ብሏል፤ የሚያጣድፈን የለም። ልጅሽ እንዴት ናት? ወንድ ተገላገለች አሉኝ፤ እሰይ፣ እንኳን ማርያም ማረችልሽ። እዚያ እሷ አገር፣ ገሳይ፣ ገብሱ ደረሰ? የኛ ገና እሸት ነው፤ ይኸው የአምናውን እየጠረግን እንፈጫለን።

አንቺ ሁለት ወር ሙሉ አራስ ስትጠብቂ የኛ ምርጫ አመለጠሽ። አይ፣ የመንግሥቱን አይደለም የምልሽ። የዚህን የወፍጮ ማኅበራችንን ሊቀመንበር የመረጥንበትን ነው። ካንዱም ካንዱም ሰምተሽው ይሆናል፤ ሰው ደግሞ እየጨመረ ነው የሚያወራው። እኔ ሳልጨምር ልንገርሽ። ስም ግን አልጠራም። ሰው ማማት እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ደግሞስ ለምን አማለሁ? የምነግርሽ ስለ አንድ ደግ ሰው ነው።

እኒህ ደግ ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ወፍጮ መሩልን። እንዴት ያለ አመራር ነበር… እኛ ሴቶቹ ጎህ ሳይቀድ መጥተን ተሰልፈን ስንውል፣ የነጋዴው ጆንያ በጓሮ በር ገብቶ ተፈጭቶ ይወጣ ነበር። ለምን ይመስልሻል? ለኛው አዝነው ነዋ። ቶሎ ፈጭተን ቤት ብንገባ ማገዶ አለ፣ ውሃ አለ፣ ከብት አለ። እዚህ ስንቀመጥ ግን ማረፋችን አይደል? አንቺ ራስሽ ለትንሣኤ በዓል ዱቄት ሦስት ቀን ተመላልሰሽ ደጅ ላይ የዋልሽው በማን ቸርነት ነው? የገዛ እናትሽስ እንዲህ አሳርፋሽ ታውቃለች?

ታዲያ ምርጫው ሲቃረብ፣ ውለታ የማይገባቸው አንዳንድ ሴቶች አልማዝን እንምረጥ ማለት ጀመሩ። ያቺን ከወፍጮው ጀርባ የምትኖረውን አልማዝን፤ የገዛ እህቷን እንኳ ዘግይታ ከመጣች ከኋላ የምታሰልፈዋን ግትር። ደጉ ሰውዬ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ እንዳትይኝ። ስብሰባ ጠሩ እንጂ። እዚሁ ደጅ ላይ፣ ከዋርካው ሥር ተሰበሰብን፤ እሳቸው ቆሙና፣ ዘንድሮ መታወቂያ የሌለው ሰው አይመርጥም አሉ።

ነገሩ እኮ መነሻ አለው፣ ሐሰት አልናገርም። ባለፈው ምርጫ አንዱ ከወንዝ ማዶ መጥቶ ሁለት ጊዜ መርጦ ሄዷል፤ አንዴ ጋቢውን ለብሶ፣ አንዴ አውልቆ። ሁላችንም አይተን ስቀናል። ማንን እንደመረጠ አላውቅም። ያሸነፉት ግን ደጉ ሰውዬ ነበሩ። እንግዲህ ነገሩ ከሳቸው በላይ ማንን ይቆርቁር?

መሪጌታ ጥላዬ ተነሡና፣ አገሩ ትንሽ ነው፣ ሰው በክርስትና ስሙ ሳይቀር ይተዋወቃል፤ መታወቂያ የሌለው ሦስት ሰው ይመስክርለትና ይምረጥ አሉ። ሴቱ ሁሉ እውነት ነው አለ። ደጉ ሰውዬ ግን አይሆንም አሉ። ሰው በዝምድና ያያል፣ በውለታ ያያል፤ ወረቀት ዘመድ የለውም፣ ወረቀት አይዋሽም አሉ… ለዚህ ምን መልስ አለው? እንዲህ ያለ ንግግር ተምሮም አይገኝ። አልፈው ተርፈውም፣ በምርጫው ቀን ጸሐፊያችን ፋሲካ የሰውን ሁሉ መታወቂያ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ስሙም የተወለደበት ዘመንም ለሕዝብ ይሰማ፤ መታወቂያው ያጠራጠረ ሰው አይመርጥም፣ አይመረጥምም ብለው በቃለ ጉባኤ አስጻፉ። ቀድመው የፈረሙትም እሳቸው ናቸው። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው ይላሉ የድሮ ሰዎች። የድሮ ሰዎች ችኩል ናቸው… እሳቸው በልካቸው አስለክተው ነው የቆፈሩት።

እጅ ሲወጣ ወንዱ በዛ። ወንዱ ምን ቸገረው? መታወቂያው ኪሱ ውስጥ ነው፤ ለማዳበሪያ ሲሰለፍ ይጠየቃል፣ ለመሬት ጉዳይ ሲሄድ ይጠየቃል። የኛን ማን ጠይቆን ያውቃል? ሊጥ መታወቂያ አይጠይቅ። ስንቆጠር ሠላሳ አራት ሴቶች መታወቂያ የለንም። አየሽልኝ አጋጣሚ? ሠላሳ አራታችንም አልማዝን እንምረጥ ያልን ነን።

ያን ጊዜ እማማ ደሳለች ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። የዚህን አገር ሰው ግማሹን ያዋለዱት እሳቸው አይደሉ? ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ዓይናቸው ግን ገና መርፌ ያያል። ደጉን ሰውዬ ቀና ብለው አዩና፣ "ልጄ፣ እኔንም አታውቀኝም?" አሏቸው።

"እማማ፣ እኔ አውቅዎታለሁ፤ ሕጉ ግን አያውቅዎትም።"

እንዴት ያለ ጨዋ መልስ ነው… እማማ ደሳለች ተመልሰው ቁጭ አሉ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሲከናነቡ አየሁ። ብርዱ ይሆናል።

ሰኞ ዕለት እማማ ደሳለችን በበቅሎ አስቀምጠን፣ እኛ በእግራችን፣ የመታወቂያ ፎቶ ልንነሣ ደብረ ታቦር ገባን። ፎቶ አንሺው አትሳቁ አለን። አትሳቁ ተብሎ የማይስቅ ማን አለ? እኔን ሦስት ጊዜ አነሣኝ፤ መታወቂያዬን ብታይው ከሰው የተጣላሁ እመስላለሁ። እማማ ደሳለች የራሳቸውን ፎቶ ተቀብለው ብዙ ካዩት በኋላ፣ ይቺ አሮጊት ማን ናት፣ እናቴን ትመስላለች አሉ። በመንገዱ ሁሉ እያወጡ ያዩት ነበር፤ እናታቸውን ያገኙ ያህል።

ከዚያ በኋላ ቀበሌ ተመላለስን። ዛሬ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ነገ ማኅተሙ ተቆልፎበታል፣ ከነገ ወዲያ ቅጹ አልቋል። በአራተኛው ስንሄድ ሃያ ሦስታችን አገኘን፤ አሥራ አንዱ እንደወጡ ቀሩ። እማማ ደሳለችም ቀሩ። የተወለዱበትን ዘመን ሲጠየቁ አንበጣ የወረደ ዓመት ነው አሉ፤ የትኛው አንበጣ እንደሆነ ይጣራ ተባለና ጉዳያቸው ይኸው እስከ ዛሬ እየተጣራ ነው።

የምርጫው ቀን ቅዳሜ ነበር። እማማ ደሳለች ባልመርጥም አያለሁ ብለው መጥተው ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። ፋሲካ ጠረጴዛ ዘርግቶ ማንበብ ያዘ። ወይ ጉድ የሺ… በዚህ አገር ዕድሜዋን የደበቀች ሴት ሁሉ ያን ቀን ተገለጠች። የኔንም አነበበው። ተይው፣ እሱን እንለፈው።

የደጉ ሰውዬ ታናሽ ወንድም ቀረቡ። ፋሲካ፣ የተወለዱት በ1960 ዓመተ ምሕረት አለ። እሺ። ቀጥሎ ደጉ ሰውዬ ደረታቸውን ነፍተው ቀረቡ። መታወቂያቸውን በላስቲክ አስለብጠው፣ በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት ነበር፤ ማተብ ያሰሩ ይመስሉ ነበር። ፋሲካ አየው። ገልብጦም አየው።

"ጮክ ብለህ አንብብ እንጂ" አሉት።

ታዘዘ። ጮክ ብሎ፣ የተወለዱት በ1976 ዓመተ ምሕረት አለ።

ታናሽ ወንድማቸው በአንድ ጊዜ በአሥራ ስድስት ዓመት ታላቅ ሆኑላቸው፤ ጉልበት ይሳሙ ይሆን ወይስ ይሳሟቸው፣ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። መታወቂያውን ያሳደሱት ሁለተኛዋን ሚስታቸውን፣ ያቺን ልጅ እግሯን፣ ሲያጩ ነው ይላሉ። እኔ አላልኩም። ሙሽራ ሲመጣ ቤቱ ይለቀለቅ የለም? ዕድሜስ ቢለቀለቅ ምን ነውር አለው?

የእናታቸው ነገር ግን… እናታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሚካኤል ደጅ አይደል ያረፉት? የመቃብራቸው ድንጋይ ላይ ያረፉበት ዘመን ተጽፏል፤ ሳለምም አየዋለሁ፣ አንቺም ታይዋለሽ። 1972 ይላል። ድንጋዩን ያስጻፉት ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እንግዲህ አንቺ አስቢው፤ እናት በሰባ ሁለት አረፉ፣ ልጅ በሰባ ስድስት ተወለዱ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ሲባል እንሰማ ነበር። የእናት መቃብርም እንደሚያምጥ ያወቅነው ያን ቀን ነው። እንዲህ ያለ ልደት በድርሳን ሲነበብም ሰምቼ አላውቅ። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው በኛ አገር መገኘቱ መታደል አይደለም?

መሪጌታ ጥላዬ ጉሮሯቸውን ጠርገው ቃለ ጉባኤው ይነበብ አሉ። ተነበበ። መታወቂያው ያጠራጠረ ሰው አይመርጥም፣ አይመረጥምም። ደጉ ሰውዬ፣ የጸሐፊ ስሕተት ነው፣ እኔ መቼ እንደተወለድኩ ሰው ሁሉ ያውቃል አሉ። ሰው ያውቃል እንዴ? ሰው ይዋሻል ተብሎ ተፈርሞ የለ? ያቺ ልጅ እግር ሚስታቸው ከሴቶቹ መሐል ቆማ ጣቶቿን አንድ አንድ ታጥፍ ነበር። አሥሩ ሲያልቅባት እንደገና ትጀምራለች። ምን እንደምትቆጥር እንጃ።

ሰዉ መሣቅ ጀመረ። ሕጋቸው ነው፣ ይውጡ የሚልም ተነሣ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ይውጡ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ ከዋርካው ሥር እማማ ደሳለች ተነሡ። ሳቁ ቆመ።

"ይህን ልጅ እኔ አውቀዋለሁ" አሉ። "በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ላይ፣ በእግሩ መጥቶ እናቱን ሁለት ቀን ያስጨነቀ ነው። በነዚህ እጆቼ ተቀበልኩት፣ እትብቱንም ቆረጥኩ። እኔ መታወቂያ የለኝም። ቃሌን ከተቀበላችሁ ግን ይምረጥ።"

ፋሲካ ብዕሩን እንደያዘ ደጉን ሰውዬ ያያቸዋል። እንግዲህ ምን ይበሉ? የአሮጊቷን ቃል ከተቀበሉ በሚስታቸው ፊት በአንድ ጀምበር ስድሳ ዓመት ሞላቸው፤ ምስክርም ለሁሉ ተፈቀደ ማለት ነው። ካልተቀበሉ ደግሞ ከመቃብር የተወለዱ ሆነው ይቀራሉ፣ ምርጫውም የለም። አሳዘኑኝ፣ ማርያምን። በመጨረሻ መሬት መሬት እያዩ፣ "እሳቸው እንዳሉት ነው" አሉ።

በዚሁ አሥራ አንዱም ሴቶች በምስክር መረጡ። ለእማማ ደሳለች የሚመሰክር ማን ነው ሲባል ደጁ በሙሉ እጁን አወጣ። ደጉ ሰውዬም አወጡ፤ ከሁሉ ኋላ ቢሆንም አወጡ፣ ይህን አልክድም። እማማ ደሳለች ወረቀቷን አጥፈው ሣጥኑ ውስጥ ሲከቱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ማንን እንደመረጡ ጠይቄያቸው፣ ይህም ሊነበብ ነው እንዴ አሉኝ።

አልማዝ ሰባ ሁለት ድምፅ አገኘች፣ ደጉ ሰውዬ አሥራ ዘጠኝ። በማግስቱ የጓሮው በር በምስማር ተመታ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ… እሳቸው፣ ተመስገን፣ የሚቆጫቸው ነገር የለም። አሁን እንደኛው ተራ ይዘው ይሰለፋሉ፤ ያን ለኛ ሲሰጡን የኖሩትን ዕረፍት እሳቸውም በተራቸው አገኙት። ዛሬም እኮ መጥተዋል። ኧረ ዞር አትበይ። እዚያ ግድግዳው ሥር፣ ጋቢ ተከናንበው የተቀመጡት…

ምነው ቆነጠጥሽኝ? ድምፅሽን ቀንሺ ማለትሽ ነው? ምስጋና በሹክሹክታ ነው እንዴ? ደግሞም አይሰሙንም፤ ዕድሜያቸው ገና ለጋ ቢሆንም ጆሯቸው ከበድ ይላል።

አያ፣ ተነሡ እንዴ? መብራቱን አይጠብቁም? እንግዲያው ጆንያዎን እዚያው ይተዉት፣ እኔ አይልዎታለሁ። ተራዎንም ማንም አይወስድብዎ፤ ያ ዘመን አልፏል። ስለ እርስዎ ስናወራ የነበረ እንዳይመስልዎ ደግሞ። የምናወራው ስለ አንድ ደግ ሰው ነበር።

በሰላም ይግቡ አያ። እግዚአብሔር ዕድሜ ለንስሐ ይስጥዎ፤ የጎደለብዎትንም ዓመት ሞልቶ ይመልስልዎ። ኋላም ጊዜው ሲደርስ፣ በሰማይ ደጅ ወረቀት አይጠየቅም ይላሉና፣ ከእትብትዎ እስከ ሽበትዎ በደንብ የሚያውቅዎትን ሰው ቀድሞ በሩ ላይ ያቁምልዎ… አሜን ይበሉ እንጂ።