ጆሮ የሚያውቅ ሠዓሊ

ይግቡ እትዬ፣ ይግቡ። ለልብስ ስፌት ቤቱ በር ነው ቀለሙ? ቡናማው ይሻልዎታል፣ አቧራ ይችላል። ልጆች ደህና ናቸው? እግርዎስ ተሻለዎት? ተመስገን ነው።

ጋሼ፣ የእርስዎ ነጭ ቀለም እየተበጠበጠ ነው፤ እዚያች በርጩማ ላይ አረፍ ይበሉ። እኛ ከእትዬ ጋር ስለ ሌላ ሰው ነው የምናወራው...

ምን እያልኩዎት ነበር? አዎ፣ ሠዓሊው። እንዴት ያለ እጅ መሰለዎት! የአለቆቹን ምስል በሙሉ እሱ ነው የሚሠራው። አለቃ ሲቀየር ሸራ አይቀይርም እኮ! ኮቱን፣ ከረባቱን፣ ወንበሩን እንዳለ ይተውና ጭንቅላቱን ብቻ ይስላል። ቁጠባ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ዘመን የወለደውን ሁሉ አንድ ኮት ላይ መትከል... ስንቱ ይችላል?

ደግሞ ንጹሕ ሰው ነው። «ጥበብ ሌላ፣ ፖለቲካ ሌላ» ይላል። ከወንድሜ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ብሩሽ እየተዋዋሱ ሲማሩ ጀምሮ ይህች ቃል ከአፉ አትለይም። «ሥዕል ሥዕል ነው እህቴ» ይለኝ ነበር። እኔ የቀለም ነጋዴ፣ ምን አውቄ!

ወንድሜ ገበያው ግድግዳ ላይ የሳለውን አይተውታል አይደል? ጀሪካን ይዞ የተሰለፈውን ሕዝብ፣ ከፊት ደግሞ በቧንቧው ውኃ መኪናውን የሚያጥበውን ሰውዬ? ያዙትና «ይህ ሰውዬ ማነው?» አሉት። «ማንም አይደለም፣ ሥዕል ነው» አለ። እንግዲያው ባለሙያ ይመስክር ተባለና ያንን ንጹሕ ሰው ጠሩልን። እልል ነበር ያልኩት እትዬ! ያችን የለመዳትን ቃል አንዴ ቢደግማት ወንድሜ ያኔውኑ ቤቱ ይገባ ነበር። «ሥዕል ሥዕል ነው»... ምን ይከብዳል?

እሱ ግን ጠጋ ብሎ የተሳለውን ሰውዬ ጆሮ አየ። «ይህንንማ ጆሮ አውቀዋለሁ፣ ራሴ ስየዋለሁ። የአለቃችን ነው» አለ።

አይፍረዱበት! የሙያ ጥንቃቄ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ባለሙያ ግን ዝም ሲል የሚነቅዝ መሰለኝ። ወንድሜ እስካሁን እንደታሰረ ነው። ግድግዳውን ነጭ የመቀባቱ ሥራስ... ለማን ይሰጥ? ለሚያውቀው ነዋ!

ጋሼ፣ ቀለምዎ ደርሷል። ደጋግመው ይቀቡት እንግዲህ፤ ወንድሜ የሳለው በዘይት ቀለም ስለሆነ በአንድ ዙር ጆሮው ብቅ ይላል።

ውይ፣ እትዬ፣ ያንን ሠዓሊ ሳልመርቀው! አሜን ይበሉ ጋሼ፣ ምርቃት የጋራ ነው። እጁ አይንቀጥቀጥ። ዕድሜው ይርዘም፣ አለቃ በተቀየረ ቁጥር ሥራ አይጣ። ክፉ ቀን አይንካው... ከነካው ግን፣ እሱም ተይዞ የሚመሰክርለት ሲፈልግ፣ ፈጣሪ ልክ እንደ ራሱ ያለ ጓደኛ ይላክለት።