ሰው ያላነበበው ሳጥን

ከጎንደር ወጣ ባለች፣ ነዋሪዋ ተመናምኖ ባለቀ የቤተ እስራኤል መንደር፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፤ ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ተለይቶ በሚቀመጥባት ጎጆ ውስጥ ያልጋነሽ የሟች አባቷን የመምህር ገቢያውን የወረቀት ሳጥን አቅፋ ተቀምጣለች፤ አጎቷ ቄስ ዋሴ ጎጆዋን ከከበበው የድንጋይ ድርድር ውጭ ቆመዋል።

ቄስ ዋሴ፦ ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምለምንሽ። ሳጥኑን ደጃፍ ላይ አውጪልኝ።

ያልጋነሽ፦ ለመጨረሻ ጊዜ ሲሉኝ ይኸው ስንተኛዎ ነው?

ቄስ ዋሴ፦ ጀምበሯ አዘቀዘቀች እኮ። ሰንበት ሳይገባ አፈር ማልበስ አለብን። ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ሬሳው ተገንዟል፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች እዚያ ተቀምጠው ያንን ሳጥን ነው የሚጠብቁ።

ያልጋነሽ፦ አባቴን ይቅበሩ። ሳጥኑ አልሞተም።

ቄስ ዋሴ፦ ሬሳ በነካ እጅሽ አቅፈሽዋል። ከእንግዲህ ማን ይነካዋል?

ያልጋነሽ፦ እኔስ ምን አልሁ? ዓይኑን ከደንሁ፣ በዚያው እጄ ሳጥኑን አነሳሁ፣ እዚህ ገባሁ። አውቄ ነው። ንጹሕ ሰው አይነካውም። እርስዎ ደግሞ ቄስ ነዎት። ያንን ድንጋይ ካለፉ ሰባት ቀን ርኩስ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ለወንድምዎ የሚጸልይ፣ ሰንበትንም የሚቀበል አይኖርም።

ቄስ ዋሴ፦ አባትሽን ቁጭ። እሱም ኦሪት የሚያጠናው ሊከራከርበት ነበር።

ያልጋነሽ፦ ኦሪቱን ያስተማሩኝ እንኳ አንቱ ነዎት።

ቄስ ዋሴ፦ ሽማግሌዎቹን ብልክብሽስ? እነሱ መቃብር ቆፍረዋል፤ እንዳንቺው ርኩስ ናቸው። ሳጥኑን ቢይዙት የሚጎድልባቸው የለም።

ያልጋነሽ፦ ይላኳቸው። በሩ ላይ እተኛለሁ። ተራምደውኝ ይለፉ።

ቄስ ዋሴ፦ ስለዚህ አባትሽ ሲቀበር ልታዪ አይደለም።

ያልጋነሽ፦ ትቼው ብወጣ አነሱት ማለት ነው። አልወጣም።

ቄስ ዋሴ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። ሞኟም ወረቀቱም አንድ ጎጆ ገቡና ተዘጉ።

ያልጋነሽ፦ ይስደቡኝ። ጆሮዬ ለምዷል።

ቄስ ዋሴ፦ ስድብ አይደለም። ልጄ፣ ሥርዓቱን ታውቂዋለሽ። የእግዚአብሔር ስም የተጻፈበት ወረቀት አይጣልም፣ አይቃጠልም። ይቀበራል። አባትሽ ደግሞ በየወረቀቱ ራስጌ ስሙን ሳይጽፍ አንድ መስመር ጀምሮ አያውቅም። ባለቤቱ ከሄደ አብሮት ይግባ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ።

ያልጋነሽ፦ እንዲህ አድርጉ ብሎዎታል?

ቄስ ዋሴ፦ አንደበቱ ከተያዘ ሰነበተ፤ ምን ብሎ ይለኛል? አንቺንስ አሳትሚልኝ ብሎሻል?

ያልጋነሽ፦ አላለኝም።

ቄስ ዋሴ፦ እንግዲያ የሁለታችንም አፍ ባዶ ነው። የቀረን ሥርዓቱ ነው።

ያልጋነሽ፦ ሥርዓቱን እንናገር ካሉ እንናገር። የሚቀበረው በማንበብ ብዛት ያለቀ መጽሐፍ ነው። ጠርዙ የተበላ፣ ፊደሉ የደበዘዘ፣ ሥራውን የጨረሰ። እንዲያ ብለው ነው ያስተማሩኝ። ይህን ግን አንድ ሰው እንኳ አላነበበውም። ነፍስ ያለው ነገር ነው ቅበሪ የሚሉኝ።

ቄስ ዋሴ፦ አንድ ሰው እንኳ? አንቺስ?

ያልጋነሽ፦ እኔ... ሲያወራው እሰማዋለሁ። ማታ ማታ እራት ላይ ያወራኛል። ነገ አነበዋለሁ እያልሁ ጎንደር እመለሳለሁ።

ቄስ ዋሴ፦ ይኸው። ልጁ ያላነበበችውን ባዳ ሊያነበው? ዕብራይስጥ የሚያውቀው አማርኛ አያነብም። አማርኛ የሚያነበው ደግሞ የዕብራይስጥ ግጥም የመን ተጻፈ ስፔን፣ ጉዳዩ አይደለም። አባትሽ አዲስ አበባ ድረስ ተሸክሞት ሄዶ ማተሚያ ቤቱ ምን አለው? «ይኸ ለማን ነው?» ብሎ መለሰው። ላም አለኝ በሰማይ ነው የያዛችሁ፣ አባትና ልጅ።

ያልጋነሽ፦ የጻፈው እኮ እሱኑ ነው።

ቄስ ዋሴ፦ ምኑን?

ያልጋነሽ፦ ለማን ነው የሚለውን። እነዚያ በየአገሩ የተበተኑት የአይሁድ ገጣሚዎች ገበያ ሲወጡ በሰው አገር ቋንቋ ይገዛሉ ይሸጣሉ፤ ቤታቸው ሲገቡ ጎረቤት በማያውቀው ዕብራይስጥ ይጽፋሉ። አንዳንዱ በከተማው የሚያነብለት ሰው ሳይኖር ዕድሜውን ሙሉ ጻፈ። አባቴ እነዚህ ሰዎች የጻፉት ላልተወለደ ሰው ነው ይላል። ያልተወለደው ተወልዶ እስኪመጣ ወረቀቱን የሚጠብቅ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገው ይላል።

ቄስ ዋሴ፦ አንድ ጠባቂ።

ያልጋነሽ፦ አንድ ጠባቂ። ከዚህ በላይ ጠይቆ አያውቅም።

ቄስ ዋሴ፦ ለሱ ጥሩ ሆኖለት ይሆናል። እኔን ያ ቋንቋ ቤቴን ነው የፈታብኝ። ልጆቼ ከሱ ተማሩት፣ አወቁት፣ እስራኤል ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ የአባታችሁ ጸሎት በግዕዝ ነው፣ እዚህ አይሠራም ተባሉ። የበኩር ልጄ ስልክ ደወለ። «አባቴ፣ ቢመጡም እኮ እዚህ ቄስ ማለት...» አለና አልጨረሰውም። እኔም ስልኩን ዘጋሁት።

ያልጋነሽ፦ አባቴ ፊደል ነው ያስቆጠራቸው እንጂ አልሸኛቸውም።

ቄስ ዋሴ፦ አውቃለሁ። ማንንም አልሸኘም፣ ራሱም አልሄደም። ከቤተሰቡ እዚህ የቀረነው ሁለታችን ነበርን። ከጠዋቱ ወዲህ ደግሞ አንድ ነኝ።

ያልጋነሽ፦ አጎቴ፣ ዕብራይስጥ ያስተማረ በሚታሰርበት በዚያ ክፉ ዘመን ይህ ወረቀት የት ነበር?

ቄስ ዋሴ፦ ምን ይህን አነሳሽብኝ?

ያልጋነሽ፦ ንብ የሌለው ቀፎ ውስጥ። ቀፎውን ከግራሩ ላይ ወጥቶ የሰቀለው ማን ነው? አባቴ ዛፍ መውጣት አይችል። ሳጥኑ እስከ ዛሬ ሰም ሰም ይሸታል። ያን ጊዜ ያዳኑትን ዛሬ አፈር ሊያለብሱት ነው?

ቄስ ዋሴ፦ ያን ጊዜ ያዳንሁት ወረቀቱን መሰለሽ? ወረቀቱ ቢገኝበት አይመለስም ነበር። እኔ ቀፎ ውስጥ የሰቀልሁት ወንድሜን ነው። አሁን ማንን ላድን?

ያልጋነሽ፦ እኔ ልጠብቀው። ጎንደር ይዤው እሄዳለሁ።

ቄስ ዋሴ፦ ያ የኪራይ ክፍልሽ ክረምት ከበጋ ያፈሳል። ባለፈው መጥቼ አልጋሽ መሐል ቤት ተጎትቶ ነው ያየሁት። ደግሞስ አንቺ ስትሞቺ? ልጅ የለሽ። ስሚኝ፤ የማላወራውን ላውራልሽ። ትምህርት ቤታችን የተዘጋ ጊዜ የአባትሽ ደብተሮች እዚያ ቀርተው ነበር። ዓመት አለፈና ጨው ልገዛ ገበያ ወጣሁ። ሴትዮዋ ጨውን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። እቤት ገብቼ ስፈታው የወንድሜ የእጅ ጽሕፈት ነው። ራስጌው ላይ የእግዚአብሔር ስም አለ። ጨው ከላዩ ላይ በልቶት፣ ግማሹ ሄዷል።

ያልጋነሽ፦ አባቴ ያውቅ ነበር?

ቄስ ዋሴ፦ ለሱ ምን ብዬ ልነግረው? ጨውን ደፋሁት። ወረቀቷን ጸሎት ቤቱ ግድግዳ ሥር ቀበርኋት። በማግስቱ ወደ ገበያ ተመልሼ ከሴትዮዋ የቀረውን ለመንኋት፤ በርበሬ ጠቅልዬበት አለቀ አለችኝ። ደግ ሴት ናት፣ አታውቅም። የሚያጠፋው ክፉ ሰው አይምሰልሽ፤ የማያውቅ ደግ ሰው ነው። አፈር ግን በርበሬ አይጠቀልልም።

ያልጋነሽ፦ አፈርም አያነብም።

ቄስ ዋሴ፦ እንግዲህ ምላስሽን የሚችለው የለም።

ያልጋነሽ፦ እርስዎም አያቅትዎትም ነበር፤ ዛሬ ነው የደከሙ። ይምጡና ይንጠቁኝ፤ ድንጋዩ ይኸው። አያልፉትም፣ አውቅዎታለሁ። አያቴ የሞተች ቀን እንኳ ከሩቅ ቆመው ነው ያለቀሱት።

ቄስ ዋሴ፦ እንግዲያ አንድ ነገር ልጠይቅሽና ልሂድ። አባትሽን ማን አጠበው?

ያልጋነሽ፦ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ሰዎቹ ናቸዋ።

ቄስ ዋሴ፦ የትኞቹ ሰዎች?

ያልጋነሽ፦ ሽማግሌዎቹ።

ቄስ ዋሴ፦ እነሱ ለሰንበት እንዳንደርስ ፈርተው ከንጋት ጀምሮ መቃብሩ ላይ ድንጋይ ሲፈነቅሉ ነው የዋሉ። ሌላው ሰው ሄዷል። እስቲ በዚህ መንደር ከነሱ ሌላ የቀረውን ወንድ ጥሪልኝ።

ያልጋነሽ፦ አጎቴ።

ቄስ ዋሴ፦ አንቺ ሳጥኑን አቅፈሽ ስትወጪ እሱ መደቡ ላይ ብቻውን ቀረ። ደጅ ቆሜ ሰው ጠበቅሁ። ማን ይምጣ? ዝንቡ ሲበዛበት ከበሩ አየሁት። ከዚያ ገባሁ። ሬሳ ነክቼ የማላውቅ ሰውዬ፣ ወንድሜን በእጄ አጠብሁት። የቀለሙ ነገር፣ እዚህ ጣቱ ላይ ያለው፣ አሽቼ አሽቼ አልለቅ አለኝ። ኋላ ተውሁት።

ያልጋነሽ፦ እኔ እኮ ይህን...

ቄስ ዋሴ፦ ማን አጠበው ብለሽ እስካሁን አልጠየቅሽም።

ያልጋነሽ፦ ታዲያ እርስዎም ርኩስ ነዎት።

ቄስ ዋሴ፦ ከጠዋት ጀምሮ። ይህ ድርድር ለኔ ተራ ድንጋይ ነው። ገብቼ ልወስደው እችል ነበር።

ያልጋነሽ፦ ለምን ውጭ ቆመው ይለምኑኛል?

ቄስ ዋሴ፦ ካንቺ ቀምቼ ከሱ ጎን ላስቀምጠው? በምን ዓይኔ አየዋለሁ? እንድትሰጪኝ ነበር።

ያልጋነሽ፦ ጸሎቱስ?

ቄስ ዋሴ፦ ጸሎት የለም። ርኩስ ቄስ ምን ጸሎት አለው? ሌላ ቄስ እንዳልጠራ፣ የቀረሁት እኔ ነኝ። ስንቱን ባዳ ጸልዬ ሸኝቼ ወንድሜን እንዲሁ አፈር ልመልስበት ነው። ከምንም ከምንም እሱ ነው ያቃጠለኝ።

ያልጋነሽ፦ ይግቡ። በሩ አልተዘጋም። ይግቡና ይውሰዱት። አባቴን ለዝንብ ትቼ ወረቀት ይዤ...

ቄስ ዋሴ፦ ተይ። ተይ ልጄ፣ ለሱም አላለቀስሽለትም፣ ለራስሽ አታልቅሺ። ይኸው ገብቻለሁ። ከባድ ነው?

ያልጋነሽ፦ ከባድ ነው።

ቄስ ዋሴ፦ በወዲህ በኩል እኔ እይዛለሁ። ቆይ፣ እስቲ ልጠይቅሽ። እዚህ ውስጥ ለሞተ ሰው የተለቀሰበት ግጥም አለ?

ያልጋነሽ፦ መዓት አለ። ሰው አገር የሞቱባቸውን ያለቀሱበት ነው ግማሹ። አባቴ ወደ አማርኛ መልሶታል፤ ሲመልስ ድምፁን ሰምቼዋለሁ።

ቄስ ዋሴ፦ ጸሎት ነው?

ያልጋነሽ፦ ግጥም ነው እንጂ ጸሎት አይደለም እያለ ዕድሜውን ሙሉ ሲከራከርዎት አልነበረም?

ቄስ ዋሴ፦ ነበር። አንድ ቀን አምኜለት አላውቅም። ዛሬ አመንሁት። ጸሎት ካልሆነ ርኩስም ያነበዋል።

ያልጋነሽ፦ እኔ? መቃብሩ ላይ?

ቄስ ዋሴ፦ አንቺ። የኔ አፍ ተይዟል። የሚቀበረው ተነቦ ያለቀ ነው አልሽኝ፤ ልክ ነሽ፣ እንደዚያ ብዬ ነው ያስተማርሁሽ። አንብቢለት። ያነበብሻት ወረቀት ሥራዋን ጨርሳለች፣ ከሱ ጋር ትገባለች። ጀምበር እስክትጠልቅ ያልተነበበው ግን ከነሳጥኑ ይዘሽው ትመለሻለሽ። ሁለተኛ አልጠይቅሽም።

ያልጋነሽ፦ እውነትዎን ነው?

ቄስ ዋሴ፦ በዚህ ቀን ልዋሽ? ተነሺ፣ እንሂድ። አንቺ እንደሆንሽ ከልጅነትሽ ጀምሮ ስታነቢ እንደ ፈረስ ነሽ፤ ያዝ የሚያደርግሽ የለም። ሰንበት ሳይገባ ግማሹን ትጨርሺዋለሽ።

ያልጋነሽ፦ ያ ድሮ ነው አጎቴ። ዛሬ በየፊደሉ ላይ እቆማለሁ።