ሶምየን ድረስ የሚሰማ እልልታ

ከመገናኛ ወደ መሪ በሚሄደው ታክሲ ከኋላዬ የተቀመጡት እናት፣ የወለደች ልጃቸውን ለመጠየቅ ኮሪያ ሊሄዱ ነው። አጠገባቸው ያለችው ወጣት ደግሞ እዚያው ተምራ የመጣች ናት።

«ሰፈሯ የት ነው፣ እማማ?»

«ቡሳን ነው፤ ሶምየን ይሉታል።»

«መሀል ከተማው! ከመሬት በላይ ገበያ፣ ከመሬት በታች ገበያ! የባቡር ጣቢያው መውጫ ብቻ ከአሥር በላይ ነው። ማን ይቀበልዎታል?»

«ማንም። ባሏ መርከበኛ ነው፤ አራስ ደግሞ ከቤት አትወጣም።»

«ታዲያ እንዴት ያገኟታል?»

«መሀል ሰፈር ቆሜ እልል እላለሁ። የእናቷ ድምፅ ይጠፋታል?»

«ስልክ አይሻልም?»

«ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፤ እኔ አልጨርስም።»

«እማማ፣ ከዚያ ጫጫታ ጋር ሲተያይ መገናኛ ገዳም ነው! አይሰማም!»

«አይሰማም? እልልልልልልል!»

ሹፌሩ ፍሬን ያዘ።

«ኧረ እናቴ! ልጅዎ ሰምታ ጫማ እያደረገች ነው!» አለ ዞሮ።

«አራስ አትወጣም አልኩ እኮ!»

«ለመሆኑ ምን ወለደች?»

«ሴት!»

«ለሴትማ ሦስት ነው፤ ሁለት ይቀራል!» አለ ሹፌሩ፤ ታክሲው በሙሉ በእልልታ ተቀበለው።

እኔ ወራጅ የምለው ወሰን ፌርማታ ላይ ነበር፤ ሦስተኛው እልልታ ሳያልቅ አፍ መክፈት ግን ነውር መሰለኝ።