አንድ ኪሎ የጎደለው ኮምፒውተር

የምስክር ቃል
ሐዋሳ ከተማ፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ
የምስክር ሙሉ ስም፦ ሐዳሳ ወንድሙ ዳና
ዕድሜ፦ 17
ሥራ፦ ተማሪ፣ 11ኛ ክፍል
አድራሻ፦ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ፣ ከአቤቱታ አቅራቢው ግቢ ቀጥሎ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ ሚያዝያ 21 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡40
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን ሕዝቅያስ
አብሮ የተገኘ፦ አባቷ አቶ ወንድሙ ዳና፣ ሹፌር

እኔ ከላይ ስሜ የተጠቀሰው ምስክር፣ ዕድሜዬ ገና ስለሆነ አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ቃሌን ሰጥቻለሁ። የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው። አባቴን አብረኸኝ ና ስለው ምን እንደምመሰክር አልነገርኩትም። እሱም ለወዳጁ ለጎረቤታችን ለአቶ አሰፋ የምመሰክር መስሎት ሸሚዙን ቀይሮ መጥቷል። እኔ ግን የምመሰክረው ከእሁድ ጀምሮ ታስሮ ለሚገኘውና ዛሬ ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ለሚቀርበው ለሙክታር ነው። ሙክታር በመናኸሪያ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ያለው ሲሆን፣ ከአቶ አሰፋ ኮምፒውተር ውስጥ ዕቃ አውጥቶ ሰርቋል ተብሎ ተጠርጥሯል።

ሙክታርን ያወቅሁት ካለፈው መስከረም ጀምሮ ነው። የዚያን ጊዜ ጌም መጫወቻ ኮምፒውተር በራሴ ለመገጣጠም ወስኜ ነበር። አንዴ ገዝቶ መገላገል የሀብታም ሥራ ስለሆነ እኔ በየወሩ አንድ አንድ ዕቃ እየመረጥኩ መሰብሰብ ጀመርኩ። ሙክታር ምክንያት ካልነገሩት ዕቃ አይሸጥም። ይሄን ፕሮሰሰር ስጠኝ ስለው "ለምን?" ይላል። ፈጣን ስለሆነ ስለው "ከምን የፈጠነ?" ብሎ ወደ ቤቴ ይመልሰኛል። መጀመሪያ ያስመረጠኝ ፓወር ሰፕላይ ነው። ሰው ሁሉ በእሱ ላይ ይቆጥባል፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው አለኝ። ቀጥሎ በጨረታ ከተሸጡ የቢሮ ኮምፒውተሮች የወጣ ማዘርቦርድ ከነፕሮሰሰሩ፣ ከዚያ ሁለት ራም፣ ከዚያ የጎን ክዳን የሌለው ኬዝ አገኘሁ። ከመጋቢት ጀምሮ በዝርዝሬ ላይ ያልተሞላው የግራፊክስ ካርዱ መስመር ብቻ ነበር። ያለ እሱ ኮምፒውተሩ ይበራል፣ ይጻፍበታል፣ ጌም ግን አያጫውትም።

(ረዳት ሳጅን ሕዝቅያስ ካርዱ የስንት ብር እንደሆነና ስንት ቀን እንደሚያስደውል ጠይቀውኝ፣ የስልክ ካርድ አለመሆኑን፣ ምስል የሚያወጣ፣ ከላዩ ማራገቢያ ያለው የኮምፒውተር ዕቃ መሆኑን አስረድቻለሁ።)

አባቴ ኮምፒውተሩን የማጠናበት ነው የሚመስለው። ሹፌር ስለሆነ ሁሉን ነገር በድምፁ ነው የሚመረምረው። መጀመሪያ የበራ ቀን ጆሮውን አስጠግቶ "ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ እንግዲህ ማጥናት ነው" ብሎኛል። ለጌም መሆኑን እንዳይነግረው ሙክታርን ቃል ያስገባሁት እኔ ነኝ። ይህን አባቴ አሁን ሰምቷል።

አቶ አሰፋ ሠላሳ ዓመት የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ጡረታ መውጣታቸውን ግን ለራሳቸው አልነገሩትም። ባለፈው ዓመት መሰላል ሲያውሱን "መሰላል፣ የእንጨት፣ ደረጃው ዘጠኝ፣ ስድስተኛው የላላ" ብለው ጽፈው አባቴን አስፈርመውታል። ኮምፒውተሩ ልጃቸው ዳዊት ለሥራ አዲስ አበባ ሲሄድ ትቶላቸው የሄደው ሲሆን፣ ከላዩ ዳንቴል ለብሶ ሳሎን ተቀምጧል። የሚታጠበው ግን ዳንቴሉ ብቻ ስለነበር፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ መጮህ ጀምሮ ነበር።

ረቡዕ ሚያዝያ 8 ቀን ከቀኑ 7፡30 ሲሆን አቶ አሰፋ ኮምፒውተሩን ለፋሲካ ለማስጸዳት ወደ ሙክታር ሲወስዱ ሣጥኑን የተሸከምኩላቸው እኔ ነኝ። መንገድ ላይ መንገደኛ ከሚመዝን ልጅ ዘንድ ሲደርሱ አስቆሙኝና ኮምፒውተሩን ሚዛን ላይ አስቀምጪው አሉኝ። ልጁ "ቁመቱም ይለካ?" ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸው አልሳቁም። ሳይመዘን የተረከብኩትም ያስረከብኩትም ንብረት የለም አሉ። ሚዛኑ 11 ኪሎ አለ። ጥገና ቤቱ ስንደርስ ወረቀት አውጥተው "ሣጥን ጥቁር አንድ፣ ክብደት 11 ኪሎ፣ ፊቱ ላይ ጭረት ሁለት" ብለው አነበቡ። ሙክታር "ጋሼ፣ የውስጡስ?" ሲላቸው "ውስጡማ ያው ውስጥ ነው" አሉና አስፈርመውት ሄዱ። እኔ እዚያው ቀረሁ።

ከቀኑ 8፡30 ገደማ ሙክታር ሣጥኑን ሲከፍተው ውስጡ ግራፊክስ ካርድ አለ። ስምንት ወር ሙሉ ስፈልገው የኖርኩት ዓይነት ነው፣ ዳዊት ለራሱ ጌም የገጠመው ይመስለኛል። ማራገቢያው በአቧራ ታፍኖ ደርቋል። ሙክታር እጁ ስለቆሸሸ ስልኩን እኔ ይዤለት፣ በስፒከር አድርጌ ለአቶ አሰፋ ደወልንላቸው። ጩኸቱ የሚመጣው ውስጡ ካለው ተጨማሪ ካርድ መሆኑን ነገራቸው። አቶ አሰፋም "እሱ ነው እንዴ ዜና የማያሰማኝ? አውጣልኝ፣ እባክህ" አሉ። ሙክታር አውጥቼ የት ላድርገው ሲላቸው "ጣለው። ወደ እኔ ቤት የሚጮህ ነገር አይመለስ" አሉ። ይህን በሁለት ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሙክታር "ጋሼ፣ እሱ እኮ..." ብሎ ሊያስረዳቸው ጀመረ። በዚህ ጊዜ ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። መስመር ተቋርጦ አይደለም፣ ቀዩን ተጭኜ ነው። ሙክታር "ምን ማለትሽ ነው? ደውይላቸው እንጂ፣ ዕቃው ምን እንደሆነ ይወቁት" አለኝ። "ተዋቸው፣ አይገባቸውም" አልኩት። መልሶ ሊደውል ሲል ደግሞ ጎረቤታቸው ነኝ፣ ዛሬውኑ ቤታቸው ሄጄ ራሴ አስረዳቸዋለሁ፣ አልፈልገውም ካሉ እወስደዋለሁ አልኩት። ዋጋውን ስጠይቀው የተጣለ ዕቃ አልሸጥም አለ። ማራገቢያውን አጽድቶ፣ ዘይት ነክቶ በነፃ ሲሰጠኝ "ግን ሳትነግሪያቸው እንዳትገጥሚው" ብሎኛል። እሺ ብያለሁ። አልነገርኳቸውም። በማግስቱ ጠዋት ገጠምኩት።

ኮምፒውተሩ ወደ አቶ አሰፋ ቤት ሲመለስ ድምፁ ስለጠፋ በጣም ደስ አላቸው። ሙክታርን እጁ ይባረክ አሉ። እኔም በዓሉን ኳስ ጌም ስጫወት ከረምኩ፣ ምስሉ አንዴም አልተንቀጠቀጠም። ቅዳሜ ሚያዝያ 18 ቀን ዳዊት ለዳግማይ ትንሣኤ ከአዲስ አበባ መጣ። የድሮ ጌሙን ሊከፍት ሲሞክር እምቢ አለው፣ ሣጥኑን ሲፈታው ካርዱ የለም። ለአባቱ ውድ ዕቃ እንደነበር ነገራቸው። አቶ አሰፋ እሁድ ጠዋት 2፡30 ላይ በራችንን አንኳኩተው ኮምፒውተሩን እንድሸከምላቸው ጠየቁኝ። ተሸክሜ ያው ሚዛን ዘንድ ወሰድኩላቸው። 10 ኪሎ አለ። "አንድ ኪሎ ጎድሏል፣ አየሽ አይደል ልጄ?" አሉኝ። አዎ፣ አይቻለሁ አልኩ። ሌላ ነገር አልተናገርኩም። ከዚያ ቀጥታ ወደዚህ መጥተው አንድ ኪሎ ንብረት ጠፋብኝ ብለው ከሰሱ።

ስለ ክብደቱ ተጠይቄ፣ ካርዱ ግማሽ ኪሎ ቢሞላ ነው፣ የቀረው አቧራ ነው ብያለሁ። ሙክታር አቧራውን ሲነፋ ከጎኑ ያለው የጨርቅ ሱቅ ባለቤት ወጥቶ ተቆጥቷል፣ ሊጠየቅ ይችላል። ሚዛኑም ሰው መዝኖ የሚኖር ስለሆነ ግማሽ ኪሎ አይለይም።

ትናንት ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ለሙክታር ዳቦና ሙዝ ይዤ መጥቼ በር ላይ አነጋግሬዋለሁ። ካርዱን ለማን እንደሰጠ ሲጠየቅ ለመናገር እምቢ ማለቱን የነገረኝ እሱ ነው። ለምን እንደማይናገር ጠየቅሁት።
"አባቴ እንዳያውቅ ብለሽኝ የለ?"
"እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ።"
"ለአንቺ ሌላ ነው። እኔ ቃል የሰጠሁት አንዴ ነው። ሂጂ አጥኚ።"
ሣጥን ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ምክንያቱን አጥብቆ የሚጠይቅ ሰው፣ እሱ ራሱ ለምን እዚህ እንደተቀመጠ ምክንያቱን ሳይናገር ሊፈረድበት ነው ብዬ አሰብኩ። ማታውን ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

አቶ አሰፋ ዋሽተዋል ብዬ አልመሰክርም። እሳቸው በስልክ ጣለው ያሉት ጩኸት ነው። ዳዊት ጠፋ ያላቸው ደግሞ ውድ ዕቃ ነው። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን የነገራቸው ሰው የለም፣ መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። አይገባቸውም ያልኩትንም አሁን ሳስበው እውነት አይደለም። አንድ መጋዘን ሙሉ መለዋወጫ ሠላሳ ዓመት አንድ ብሎን ሳያጎድሉ የጠበቁ ሰው፣ ሁለት ደቂቃ ቢነገራቸው ቁጥሩን ጠይቀው፣ ጽፈው፣ ቆልፈው ያስቀምጡት ነበር። ባይገባቸው የሚጠቅመው እኔን ነበር። በሽማግሌ መሳቅ ልማዴ ነው፣ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ሳቁ ሰው ሲያሳስር ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ካርዱን ዛሬ ጠዋት ከኮምፒውተሬ ፈትቼ በዳቦ ፌስታል ጠቅልዬ አምጥቻለሁ። ከጀርባው ላይ ያለው ቁጥር ተመዝግቦ ለኤግዚቢት እንዲያዝ አስረክቤያለሁ። ሙክታር ምንም ያልሰረቀ ስለሆነ፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ይህ ቃል ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝለት እጠይቃለሁ። በእኔ በኩል ያለውን ጥፋት ለአቶ አሰፋ ፊት ለፊት እናገራለሁ።

የተጻፈው በሙሉ ተነቦልኛል። የተናገርኩት ነው፣ የጨመረብኝም የቀነሰብኝም የለም። ሐሰት ሆኖ ከተገኘ በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ፣ ይህንንም አውቄ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሐዳሳ ወንድሙ
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ረ/ሳጅን ሕዝቅያስ

ማስታወሻ፦ አቶ ወንድሙ ዳና ቃሉ ሲሰጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተገኝተዋል። ተነቦ እንዳለቀ የሚጨምሩት ነገር እንዳለ ተጠይቀው "ልጁ ቁርስ በልቷል?" ሲሉ ጠይቀዋል። የተጠርጣሪው ዘመዶች ወራቤ በመሆናቸው ከትናንት ወዲህ ስንቅ እንዳልገባለት ተነግሯቸዋል። ሳይፈርሙ ወጥተዋል።

4፡50 ላይ ፍርፍርና ሻይ ይዘው ተመልሰዋል። ምግቡ ተፈትሾ ለተጠርጣሪው ገብቷል።

የአባት ፊርማ፦ ወንድሙ ዳና