የምራት ሰፌድ

አርባ ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ደምሬ ተሳስቼ አላውቅም። ይህን የምለው ለጉራ ሳይሆን ለኑዛዜ ነው፤ ትክክለኛ ድምር ሰውን ምን ያህል ሊበድል እንደሚችል አንባቢ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ።

ጦርነቱ ባለቀ በስድስተኛው ዓመት፣ በጸደይ፣ ወንዙ ድልድይ አጠገብ አውቶቡስ ስጠብቅ እትዬ ኩሜን አገኘኋቸው። የሰባ ሁለት ዓመት ባልቴት ናቸው። ከሰፈራችን የሐር ትል አርቢዎች ሁሉ ቃላቸው የሚፈራው የእሳቸው ነበር። በጀርባቸው ለትሎቹ የሚበላ የእንጆሪ ዛፍ ቅጠል የሞላ ቅርጫት አዝለዋል።

«መምህር፣ ልፈልግዎ ነበር፤ ጥሩ እግር ጣለዎ። ያቺን ወረቀት ይጽፉልኛል» አሉኝ።

«የትኛዋን?»

«በሳዮ ጊዜ የጻፉልኝን ዓይነት ነዋ። የፉሚም እጅ ቀዝቃዛ ሆነ። ሦስት ጸደይ ታገሥኩ። እንግዲህ ወደ ወላጆቿ ትመለስ።»

በአገራችን አንዲት ሴት የምትመግባቸው ትሎች ካለቁባት «እጇ ቀዝቃዛ ነው» ይባላል። ሳዮ የእትዬ ኩሜ የበኩር ልጅ የሆነው የገንኪቺ ሚስት ነበረች። ያንን ጋብቻ የሸመገልኩት እኔ ነኝ። ከሦስት ዓመት በኋላ የሞቱባትን ትሎች ቆጥሬ፣ ከአማቷ ጋር አስተያይቼ፣ ከመቶ ስንት እንደሆነ አስልቼ የጻፍኩትም እኔ ነኝ፤ የሳዮ ከመቶ ሃያ አንድ፣ የእትዬ ኩሜ ከመቶ አራት። ጓዟን ተሸክሜ አባቷ ቤት ያደረስኳትም እኔው። ሃያ ዓመት ሆነው። ፉሚ ደግሞ የሁለተኛው ልጃቸው የቶኩዞ ሚስት ናት፤ የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። እናቲቱ ከተመለሰች ልጅቷ አባቷ ቤት ትቀራለች። አዲሱ ሕግ ሌላ ይላል አሉ፤ እኛ ሰፈር ግን ገና አልደረሰም።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። «እስቲ ቆጥሬ አያለሁ» አልኩ።

በዚህ መሐል አውቶቡሱ ቆመና ሹንጂ ወረደ። የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ከፍተኛ ትምህርት ጨርሶ በአውራጃው የሐር ትል ምርምር ጣቢያ ተቀጥሯል። ሰላምታ ሰጠን፣ ጎንበስ ብሎ የእትዬ ኩሜን ቅርጫት ተቀበላቸውና እኔም አውቶቡሴን ትቼ አብረን ወደ ቤታቸው ሄድን። በመንገድ ላይ ወሬውን ሰማ።

«እማማ፣ ካላስቀየምኩዎ አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ። «ፉሚ ትሎቿን የምታረባባቸው ሰፌዶች የት ነው የሚቀመጡት?»

«ታች ነዋ። የምራት ሰፌድ ታች ነው፣ የአማት ሰፌድ ላይ ነው። ከተማ ገብተህ ይህንንም ረሳኸው?»

«አልረሳሁም። እርስዎስ ታች ይዘው ያውቃሉ?»

«ምራት ሳለሁ ስምንት ዓመት ይዣለሁ።»

«ትሎቹስ እንዴት ነበሩ?»

«ያልቁብኝ ነበር። ያኔ የእኔም እጅ ቀዝቃዛ ነበር። የሴት እጅ በዕድሜ ይበስላል፣ አንተ ልጅ።»

«የእርስዎ መቼ በሰለ?»

«አማቴ በሞቱ ዓመት።»

«በዚያው ዓመት ወደ ላይኛው ሰፌድ ወጡ ማለት ነው።»

እትዬ ኩሜ መንገዱን እያዩ እርምጃቸውን አፈጠኑ። ያ ጥያቄ ከሃያ ዓመት በፊት የእኔ ጥያቄ መሆን ነበረበት። ወረቀቴ ላይ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ከፍታ የሚባል ነገር አልነበረም።

ቤት ገብተን ተቀመጥን። ፉሚ የገብስ ሻይ አቅርባ ከበሩ አጠገብ ተንበረከከች። እትዬ ኩሜ ግን ገና አልተሸነፉም።

«እሺ፣ ዘንድሮ ፉሚ የላይኛውን ሰፌድ ትያዝና እንይ» አሉ።

«ዘንድሮ ጸደዩ ሞቅ ያለ ነው፣ እማማ። ቢያምርላት ‹የአየሩ ነው› ይላሉ፤ ባያምርላት እኔ ‹የአየሩ ነው› እላለሁ። ተሟግተን ተሟግተን እዚያው ነን። ሁለቱም በአንድ ጸደይ፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ቅጠል ይሞከር። ስምንት መደርደሪያ አለዎት። በየመደርደሪያው አንድ ሰፌድ ላይ፣ አንድ ሰፌድ ታች እናድርግ። በአራቱ ላይኛውን እርስዎ ይያዙ፣ በአራቱ ደግሞ ፉሚ፤ የየመደርደሪያውን ታችኛ ሌላዋ ትይዛለች። የትኛው የማን እንደሚሆን ዕጣ ይወስነዋል።»

«ዕጣ? ቤቴ የቁማር ቤት ነው?»

«እኔ ብመርጥ ፉሚ እንድትረታ ስለምፈልግ ሳላውቀው ሞቃቱን ጥግ ለእሷ እሰጣለሁ። እርስዎም ቢመርጡ እንደዚያው። ዕጣ ግን ለማንም አያዳላም።»

«ስምንቱስ ምን ያደርጋል? አንዱ መደርደሪያ አይበቃም?»

ሹንጂ ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ ሰጣቸው። «አንዴ ቢወረውሩት አበባ ያለበት ገጹ ቢወጣ ይገርምዎታል?»

«ምን ይገርማል።»

«በተከታታይ ስምንት ጊዜ አበባው ቢወጣስ?»

እትዬ ኩሜ ሳንቲሙን አገላበጡት። «ሳንቲሙ ጤና የለውም እላለሁ።»

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው። በደህና ሳንቲም ያ የሚሆነው ከሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ሙከራ አንዴ ነው፤ መምህር ያስሉታል። አንድ መደርደሪያ ዕድል ሊሆን ይችላል። ስምንቱ አንድ ቃል ከተናገሩ ግን እንሰማቸዋለን።»

ከዚያም የእኔ ተራ ደረሰ። «መምህር የሞቱትን ይቆጥራሉ፤ የማን ሰፌድ እንደሆነ ግን አይነገራቸውም። ሰፌዶቹ ተደበላልቀው ወደ ውጭ ይመጡላቸዋል፤ ከሥራቸው ቁጥር ብቻ ይኖራል» አለ።

«ምነው፣ መምህሩን አታምናቸውም?» አሉ እትዬ ኩሜ።

«እሳቸውን አምናለሁ። ዓይናቸውን ነው የማላምነው። የእኔንም አላምነውም።»

ተማሪዬ ሳለ እንዲህ ቢለኝ ጆሮውን በቆነጠጥኩት። አሁን ግን ትክክል ነበር። ለመሞት የተቃረበችን ትል «ይህቺ የሳዮ ናት» ብዬ ከሞቱት ጋር የደመርኩበት ቀን ትዝ አለኝ። አንድ ቀን ብቻም አልነበረም።

«የመጨረሻው ነገር፣» አለ ሹንጂ፣ «ፍርዱን አሁኑኑ እንጻፈው፤ ውጤቱን ካየን በኋላ ሁሉም የፈለገውን ይላል። የፉሚ ትሎች ላይም ታችም ካለቁ እጇ ነው፤ ጓዟን እኔ ራሴ አውቶቡስ ድረስ እሸከማለሁ። የታቹ የሁለታችሁም ካለቀ ግን ቦታው ነው።»

አንድ ጊዜ ጓዝ ተሸክሜአለሁና ክብደቱን አውቀዋለሁ። እትዬ ኩሜ ወደ ፉሚ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ዕጣው ይውጣ፣ እማማ» አለች ፉሚ ቀና ሳትል። «እስከ ዛሬ የሚጠየቀው ስለ እጄ ነበር እንጂ እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

ስምንት ወረቀት ተጠቀለለ፤ ሹንጂ ቆቡ ውስጥ አናወጠው፣ ትንሿ የፉሚ ልጅ አንድ በአንድ አወጣችው። በየሰፌዱ ሦስት መቶ ትል ተቆጥሮ ገባ፤ ቅጠሉም እየተመዘነ እኩል ይሰጥ ጀመር።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ክፍሉ በር ላይ ቆሜ ያየሁትን አልረሳም። እትዬ ኩሜ ዕጣ የጣለባቸውን ታችኛ ሰፌድ ለመመገብ ከአርባ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንበረከኩ። ቅጠሉን በትነው ሲያበቁ መዳፋቸውን መሬቱ ላይ አሳርፈው ቆዩ።

«ለካ እዚህ ይበርዳል» አሉ። «አውቀው ነበር እኮ። እንዴት ረሳሁት?»

ክፍሉን የሚያሞቀው የከሰል ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል። ታች የአፈሩ እርጥበት አለ፤ ከላይኛው ሰፌድ የሚረግፈው ቆሻሻም እዚያው ነው የሚወድቀው። ይህንን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማወቃችን ግን ማንንም አላዳነም።

በሃያ ስምንተኛው ቀን ትሎቹ ድራቸውን መፍተል ሲጀምሩ የየቀኑን ቆጠራዬን ዘጋሁ። ሹንጂ ሰፌዶቹን ገልብጦ ቁጥሮቹን ከዕጣው መዝገብ ጋር እያስተያየ ስሞቹን አነበበ። በስምንቱም መደርደሪያ የታቹ ከላዩ ይበልጥ ሞቷል። በየአራቱ ላይኛ ሰፌዶቻቸው የሞቱት የፉሚ አርባ ሁለት፣ የእትዬ ኩሜ አርባ አራት። በታችኞቹ የፉሚ ሁለት መቶ አርባ አራት፣ የእትዬ ኩሜ ሁለት መቶ አርባ ስምንት፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ትል።

«በእጅና በእጅ መካከል ያለው ልዩነት ከላይ ሁለት ትል፣ ከታች አራት ትል ነው» አለ ሹንጂ። «ዕጣውን ደግመን ብናወጣ ሊገለበጥ ይችላል። በላይና በታች መካከል ያለው ግን አይገለበጥም።»

እኔ የምሰማው በግማሽ ልብ ነበር። እጄ ከልማዱ የተነሳ ከመቶ ስንት እንደሆነ እያሰላ ነበር። እትዬ ኩሜ ታች ሆነው የሞተባቸው ከመቶ ሃያ አንድ፤ ላይ ሆነው ከመቶ አራት። ወረቀቱን አስጠጋሁላቸው። ፊደል ብዙም አይሆንላቸውም፣ ቁጥር ግን ያነባሉ።

«ይህ የሳዮ ቁጥር ነው» አሉ።

«አዎ።»

«የእኔ እጅ ነው፣ የእሷ ቁጥር ነው።» ከዚያ ለማንም ያልነገሩትን ነገሩን። «ገንኪቺ እሷ ከሄደች በኋላ አላገባም። ሲዘምት ባቡር ጣቢያው ላይ ‹እናቴ፣ የሳዮ እጅ እኮ ሞቃት ነበር› አለኝ። ምን ቂልነት ነው ብዬ ዝም አልኩት። አልተመለሰም።» ፉሚን ጠሩና «ከነገ ጀምሮ የታችኛው ደረጃ ባዶ ይሁን። ትሎቹ በሙሉ ላይ ይደርደሩ። አንቺም ተነሺ፣ አትንበርከኪ» አሏት።

የተለወጠውን ለመናገር ያህል፣ ዛሬ በሰፈራችን የምራት ሰፌድ የሚባል የለም። ባዶ የቀረው ቦታ አላጎደለብንም፤ የሚሞተው ስለቀነሰ እያንዳንዱ ቤት ከድሮው የበለጠ ሐር ያወጣል። አዲስ የቅጠል ዘር ሲመጣ ምርጡን ማሳ ሰጥተን «ጉድ የሆነ ዘር ነው» አንልም፤ ማሳውን ከፋፍለን፣ ዕጣ ጥለን፣ ደጋግመን፣ አስቀድመን ጽፈን እንሞክራለን። እንዲህ ስናደርግ የማይረባውን ዘር በአንድ ዓመት እንለያለን፤ የሚረባውን በአሉባልታ አንጥልም። ከሁሉም በላይ የፉሚ ልጅ እናቷ ጉያ ውስጥ ታድራለች።

በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ግን በበጋው እትዬ ኩሜና እኔ በአውቶቡስ ተሳፍረን ወደ ሳዮ ሄድን። ከተራራው ማዶ ከወንድሟ ቤተሰብ ጋር ትኖራለች። ፀጉሯ ሸብቷል። በረንዳው ላይ ምንጣፍ አቀረበችልን። እትዬ ኩሜ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ቆዩ። እኔ የዘንድሮው ቆጠራ የሰፈረበትን ወረቀት ሰጠኋት። ቀስ ብላ አነበበችው።

«ያኔም እንዲህ ያለ ወረቀት ነበር» አለች። «የጻፉት እርስዎ ነዎት፣ አይደል መምህር?»

«አዎ።»

«ማታ ማታ አውጥቼ እደምረው ነበር። ስሕተት ፈለግሁ፤ አጣሁ።»

«ስሕተት አልነበረበትም» አልኩ። «ድምሩ ትክክል ነበር።»

«ለዚህ ነዋ ያመንኩት።» ወረቀቱን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አኖረችው። «የወንድሜ ሚስት አምስት ልጆች ወለደች። ሁሉም በዚህ ቤት ነው ያደጉት። አንዱንም አላቀፍኩም፤ እጄን ፈርቼ።»

እትዬ ኩሜ ከተደፉበት ቀና ብለው የሳዮን ሁለት እጆች ያዙ። ሳዮ መጀመሪያ ልትነጥቃቸው ሞከረች፤ የሃያ ዓመት ልማድ ነው። እትዬ ኩሜ ግን አልለቀቋቸውም። የመመለሻው አውቶቡስ ሲደርስም ይዘዋቸው ነበር፤ እኔም ሾፌሩን እንዳይጠብቀን በእጄ ምልክት ሰጠሁት።