የልጄ ሞተር ቀለም

በማስታመም ሥራዬ አንዲት አቅመ ደካማ ሴት ሳነሣና ሳስተኛ ውዬ፣ ወገቤ ቁርጥ ብሎ ቤት ገባሁላችሁ። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ልጄ ኦርሊ እንደለመደችው በዕብራይስጥ እናቴ ብላ፣ «ኢማ፣ ቀለም ቤት አብረሽኝ ሂጂ፤ የሞተሬን የነዳጅ ታንከር እዚሁ ቤት ልቀባው ነው» አለችኝ። ያን ሞተር ሳይክል ከገዛች ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሽጪው ብዬ ለምኜ ለምኜ ደክሞኛል። ቢሆንም ተነሣሁ፤ እምቢ ማለትም ጉልበት ይጠይቃል።

ሻጩ መጀመሪያ አየር የሚገፋ ኮምፕረሶርና የቀለም መርጫ አወጣልን። የምትቀባው ሰፈራችን አቲቆት፣ ፎቅ ላይ፣ በረንዳ መሆኑን ስትነግረው ግን ሳቀና መለሰው። «ጎረቤቶችሽ በጩኸቱ ያብዳሉ። ለታንከርና ለጭቃ መከላከያ በጣሳ ያለው፣ ተጭነው የሚረጩት ቀለም ይበቃሻል። ግን ይህን ማጣሪያ ያለውን ጭንብል ሳታደርጊ እንዳትጀምሪ» አላት። ጭንብሉን ተቀብላ ወደ ጥቁሩ ጣሳ እጇን ስትሰድ ዝም ማለት አቃተኝ።

«ልጄ፣ ጥቁር ከሆነ በጨለማ ማን ያይሻል?»

«ኢማ፣ ዳይ! በቃ!» ብላ ጮኸችብኝ። ወዲያው ፊቴን አየችና ድምፅዋ ወረደ። «እሺ፣ አንቺ ምረጪ።»

ከመደርደሪያው ሁሉ ዓይን የሚወጋውን ቢጫ አነሣሁ።

«ሎሚ ሊመስል ነው!» አለች።

«ይምሰል!» አልኳት።

በማግስቱ ሁለታችንም ጭንብል አድርገን በረንዳው ላይ ቆምን። ፈትታ ያወጣችውን የዚያን የጠላሁትን ሞተር ታንከር በእጄ ይዤ አስቀባሁ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ግን አሁን በመስኮት ሆኜ መንገዱ መጨረሻ ድረስ አያታለሁ።